በቃሊቲ በር የገባች ጊታር

የጅቡቲው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ በባቡር የመጣ የባሕር ማዶ ዕቃ ሁሉ አቃቂን ሳይረግጥ ከተማ አይገባም ነበር። አቡጀዲውም፣ ቆርቆሮውም፣ መለከቱም በዚሁ አለፈ። ከሐዲዱ በኋላ ደግሞ እዚሁ አካባቢ ሁለት ነገሮች ተተከሉ። አንደኛው ራዲዮ ነው። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የአቃቂ ማሰራጫ በመስከረም 1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን ድምፅ ለውጭው ዓለም አሰማ፤ ጣሊያን ራሷ አገሪቱን ለመውረር አንድ ወር እንኳ አልቀራትም ነበር። ሁለተኛው መብራት ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተገነባው አባ ሳሙኤል ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር።

ይህን አስቀድሜ የማነሣው ብዙ ሰው አቃቂ ቃሊቲ ሲባል ወኅኒ ቤት፣ የፋብሪካ ጭስና የከባድ መኪና ሰልፍ ብቻ ስለሚታየው ነው። ለእኔ ሠፈሩ የድምፅና የኤሌክትሪክ አገር ነው። ደግሞም ሀብታም ያልሆነ ሰው ሊገዛት የሚችላት ኤሌክትሪክ ጊታር ወደ ከተማዋ የምትገባበት በር ነው። የምተርከው የዚህችን ጊታር ታሪክ ነው፤ የቤተ መንግሥት፣ ቀጥሎም የምሽት ክበብ ባለቤት፣ ቀጥሎም የቀበሌ የነበረ መሣሪያ እንዴት በመጨረሻ የአንድ ተጫዋች የግል ንብረት እንደሆነ።

መነሻው ማርሽ ባንድ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ የአርመን ልጆች የሚነፉትን ሙዚቃ ሰሙና ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ቁጥራቸው አርባ ስለነበር "አርባ ልጆች" ተባሉ፤ አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። መለከቱም፣ ከበሮውም፣ የልጆቹ ጉርስም ከቤተ መንግሥት ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ጦር ሠራዊትና ማዘጋጃ ቤት የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም እዚያ ብዙ ሙዚቀኛ አሠለጠነ።

እነዚህ ቤቶች ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ያደረጉት ተቆጥሮ አያልቅም። ሆኖም አንድ ነገር መታወስ አለበት። ሙዚቀኛው ቅጥር ሠራተኛ ነበር፤ ሳክስፎኑም ጊታሩም የመንግሥት ነበር። ጡረታ የወጣ ወይም የተባረረ ሰው መሣሪያውን ትቶ ባዶ እጁን ይወጣል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍበት የጦሩ ድምፃዊ የነበረው ጥላሁን ገሠሠ እንኳ ታስሯል። ሰውየው ራሱ የተቋሙ ንብረት ተደርጎ ሲታይ የመሣሪያው ነገር ምን ሊባል ነው።

በእነዚያው ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ሌላ ነገር እየተካሄደ ነበር። ካሊፎርኒያ ያለው ሊዮ ፌንደር በእ.ኤ.አ. 1950 ወጥ እንጨት የሆነች ኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ አወጣ፤ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተርን። የስትራቶካስተር ዋጋ 249 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ለብዙ አሜሪካዊ ሠራተኛ የወር ደሞዝ ይጠጋል። ድሃው ልጅ ታዲያ ምን ይሁን? ናታን ዳንኤል የሚባል የኒው ጀርሲ ሰው መልስ አበጀ። ዳንኤሌክትሮ ያላቸውን ጊታሮች ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ ሠራ፤ ድምፁን የሚይዘውን ፒክአፕም በሊፕስቲክ ቀፎ ውስጥ ከተተ። ሲርስ የተባለው ትልቅ መደብር እነዚሁኑ ጊታሮች ሲልቨርቶን በሚል ስም በካታሎግ ይሸጥ ነበር። በ1962 ከወጡት አንዷ ማስቀመጫ ሣጥኗ ራሱ አምፕሊፋየር ሆኖላት በ67 ዶላር ከ95 ሳንቲም ትገኝ ነበር። ጂሚ ሄንድሪክስ በልጅነቱ አባቱ የገዛለት የመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ጊታር ሱፕሮ የምትባል ርካሽ ጊታር ነበረች። የሌድ ዜፕሊኑ ጂሚ ፔጅ ስመ ጥር ከሆነ በኋላም ዳንኤሌክትሮውን ከመድረክ አላወረደም።

ጃፓኖች ተከተሉ። በእ.ኤ.አ. 1946 የተቋቋመው ቴይስኮ ብዙ ማብሪያ ማጥፊያ የተደረደረባቸውን እንግዳ ጊታሮች ወደ አሜሪካ ላከ። ሃውንድ ዶግ ቴይለር የሚባለው የቺካጎ ብሉዝ ተጫዋች እንዲህ ባሉ የጃፓን ጊታሮች እየተጫወተ ስሙን ተከለ። ጣሊያን ውስጥም አኮርዲዮን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በ1959 ኤኮ የተባለውን የጊታር ፋብሪካ ከፈቱ። ለአኮርዲዮን ይገለገሉበት የነበረውን የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ጊታሩ ላይ ለጠፉት። የእነዚህን መሣሪያዎች ፎቶ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ሰዎቹ ውዱን ለመምሰል ብቻ አልሠሩም፤ ያላቸውን ነገር ይዘው የራሳቸውን መልክ ፈጠሩ።

አዲስ አበባ በ1950ዎቹ መጨረሻ መደነስ ጀምራለች። አሥመራ ላይ ቃኘው የሚባለው የአሜሪካኖች ጦር ሠፈር ነበር፤ በወታደሮቹ ክበባትና በራዲዮናቸው ሶልና ሮክ ይሰማል። ከ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሰላም ጓድ መምህራን ወደየክፍለ ሀገሩ ገቡ። የምሽት ክበቦች በየአቅጣጫው ተከፈቱ፤ ሂልተን ሆቴል በ1962 ዓ.ም. በሩን ከፈተ። ወጣት ሙዚቀኞች የመንግሥት ኦርኬስትራ ዩኒፎርም ሳይለብሱ በአምስትና በስድስት ሰው ባንድ መሥራት ያዙ። ከነፋስ መሣሪያው ጎን ሊድ ጊታርና ቤዝ ጊታር ቦታቸውን ያዙ።

የባለቤትነቱ ጉዳይ ግን አልተፈታም። መንግሥትን የተካው የክበቡ ባለቤት ነው። ክበቡ መሣሪያውን ገዝቶ ይደረድራል፤ ሙዚቀኛው መጥቶ ይጫወታል፤ ሲጣሉ ሙዚቀኛው ይሄዳል፣ ጊታሩ ይቀራል። በሸክላ ላይም እንዲያው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በአዋጅ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት በእ.ኤ.አ. 1969 ይህን ጥሶ፣ ህንድ አገር እያሳተመ፣ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላዎች ማውጣት ባይጀምር ኖሮ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ምን ያህሉ ይተርፍ ነበር?

ለእኔ የዚህ ታሪክ መታጠፊያ ዋልያስ ባንድ ነው። ቬነስ በተባለው የምሽት ክበብ ይሠሩ የነበሩ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ኪቦርዱን ኃይሉ መርጊያ፣ ቤዙን መላከ ገብሬ ይጫወቱ ነበር። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ከዚያ በኋላ ሂልተን ሲገቡ እንደ ቅጥረኛ ሳይሆን እንደ ባለ ዕቃ ተዋውለው ነው። በ1969 ዓ.ም. ግድም "ቸበለው"ን ሲቀርጹ ጊታሩን የያዘው ማህሙድ አማን ነበር። በዚያ አልበም ላይ ያለችውን "ሙዚቃዊ ስልት" የዓለም ዲጄዎች ዛሬም ይጫወቷታል። ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን ሲፈልጉ ቤታቸው ወስደው መለማመድ፣ ሲሻቸውም የሚሠሩበትን ቦታ መለወጥ ይችሉ ነበር። እንዲህ ያለ ነጻነት ያንን ድምፅ አላመጣውም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ አልስማማም።

አይቤክስ ባንድም እንዲሁ ትልቅ ነው። ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩምና ቤዙን የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮ በ1967 ዓ.ም. ከማህሙድ አሕመድ ጋር "ኧረ መላ መላ"ን ሠሩ፤ ቤልጂግ ያለ አሳታሚ በእ.ኤ.አ. 1986 አሳትሞ አውሮፓን አስደነቀበት። የሰላም ሥዩምን አጨዋወት ልብ ብሎ የሰማ ሰው ክራር ይሰማዋል። ድምፆቹ አጭር አጭር ሆነው ይወጣሉ፣ ጣት ይዞ ቶሎ ይለቃቸዋል፣ በችክችካው ላይ ይንሸራሸራሉ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በስድስት ክር ላይ ማስቀመጥ ምን እንደሚመስል ያሳዩን እነዚህ ሰዎች ናቸው።

አብዮቱ መጣ። በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ወረሰ፤ በሐምሌው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። አቃቂ የፋብሪካ ከተማ ናትና ለውጡን በሥጋዋ ቀመሰችው። ድሮ ኢንዶ-ኢትዮ የሚባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለባት፣ የሠራተኛው ልጅ በፈረቃ ደወል የሚያድግባት ከተማ ነበረች። የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ክበብ ኑሮ ሞተ። ሆቴል ውስጥ የሚሠሩ ጥቂት ባንዶች ብቻ እስኪነጋ በር ተዘግቶባቸው ይጫወቱ ነበር። ዋልያስ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከፊሉ እዚያው ቀረ።

በሌላ በኩል በየቀበሌው፣ በየከፍተኛውና በየፋብሪካው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ይህን ዘመን የሚያጣጥሉ ብዙ ናቸው፤ ግጥሙ የፖለቲካ መፈክር ስለነበር ምክንያታቸው ይገባኛል። እኔ ግን አንድ እውነት አልደብቅም። ኤሌክትሪክ ጊታር በእጁ ነክቶ የማያውቅ የላብ አደር ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካው በኪነት ቤት ነው። ብዙ የታወቁ ድምፃውያንና ተጫዋቾች ከዚያ ወጥተዋል፤ በ1980 ዓ.ም. አሜሪካንና አውሮፓን የዞረው ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው የኪነት ቡድንም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። መሣሪያው ግን አሁንም በቀበሌ መጋዘን ይቆለፋል። ልጁ ማታ ቤቱ ሲገባ ጊታር የለውም፤ ጣቱ የሚያስታውሰውን በጭኑ ላይ ይመታል።

በዚያው ዘመን የወንጌላውያን አማኞች በየቤቱ ተሸሽገው ይሰበሰቡ ነበር፤ ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ ነበርና። ጎረቤት እንዳይሰማ ክሩን በመዳፍ እያፈኑ ቦክስ ጊታር ይጫወታሉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ይህ ሁሉ ወደ አደባባይ ወጣ። አዳራሾች ተከራዩ፣ መዘምራን ባንድ አቋቋሙ። ዛሬ በከተማው ዳር ዳር ካሉት ወጣት ጊታሪስቶች ስንቱ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ እንደተማረ ለሚያውቅ ሰው፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ታሪክ ያለ አዳራሾቹ አይጻፍም።

ዓለማዊው መድረክ ግን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ለኪቦርድ ተላልፎ ነበር። አንድ ሰው ከበሮውንም ቤዙንም ነፋሱንም በአንድ መሣሪያ ስለሚያወጣ ለአሳታሚም ለሠርግ ቤትም ይረክሳል። ብዙ ጊታሪስት ሥራ ፈታ። መሣሪያው ደግሞ ውድ ነበር፤ ጊታር የነበረው ሰው ወይ ከውጭ ዘመድ ልኮለት ነው፣ ወይ ከድሮ ባንድ የተረፈ ሰልባጅ ገዝቶ ነው።

ይህን የለወጠው ከእስያ የመጣው ነው። ፌንደር ራሱ የጃፓኖች ቅጂ ገበያውን ሲሻማው በእ.ኤ.አ. 1982 ስኳየር የሚለውን ስም ይዞ ጃፓን ውስጥ ማሠራት ጀመረ፤ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ኮሪያ፣ ወደ ኢንዶኔዥያና ወደ ቻይና ሄደ። ኤፒፎን የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሥራ ደግሞ ቀድሞ በ1970 አካባቢ ወደ ጃፓን ሄዶ ነበር። ያማሃ በ1990 ፓሲፊካ የተባለችውን ጊታር አወጣ። በ1973 ኮሪያ ውስጥ የተመሠረተው ኮርት የሌሎችን ስም የያዙ ጊታሮች እየሠራ የራሱንም ይሸጣል። በቅርቡ ደግሞ ጉዪጆ በተባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ያለች ዠንግአን የምትባል ወረዳ፣ ልጆቿ ወደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች ተሰደው የተማሩትን የጊታር ሥራ ወደ አገራቸው መልሰው፣ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ጊታር የምታመርት ሆነች። ስማቸው የማይታወቅ፣ አንዳንዴም ስም የሌላቸው ጊታሮች በአብዛኛው ከእንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ይመጣሉ።

ከእነዚህ ብዙዎቹ በኮንቴይነር ታሽገው ጅቡቲ ይራገፋሉ። የአዳማን መንገድ ይዘው ይመጡና ቃሊቲ ጉምሩክ ይፈተሻሉ። ቀረጡ ተከፍሎ መርካቶና ፒያሳ ይደርሳሉ፣ ከዚያ ደግሞ አንዳንዶቹ ተመልሰው ወደ አቃቂ ይመጣሉ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚሄደው ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ይህን መንገድ አሳጠረው። በባቡሩ ውስጥ ጥቁር የጨርቅ ማንገቻ ትከሻው ላይ አድርጎ በሰው መሐል የቆመ ልጅ ስታዩ፣ መሣሪያው እንዳይጋጭበት በደረቱ ሲከላከልለት ስታዩ፣ ያ ልጅ ዋልያሶች ያዋጡትን ያህል የከበደ ነገር ለብቻው ያደረገ ሰው ነው።

ርካሽነቷ ታዲያ የት ላይ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅዋን የምታገኘው ማግኔት ላይ ከተጠመጠመ፣ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው፤ አንዱ ፒክአፕ ላይ ብዙ ጊዜ ከ7,000 ዙር በላይ ይጠመጠማል። የብረቱ ክር ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል። ይህ ሕግ ለ2,000 ዶላሩም ለ100 ዶላሩም አንድ ነው። እንጨቱም ዛሬ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ስለሚቆረጥ የአንገቱ ልክ አይዛነፍም። ፋብሪካው የሚቆጥበው በሰው እጅ የሚጨረሰውን ነው፦ አንገቱ ላይ የተተከሉትን የብረት መስመሮች (ፍሬቶች) ጫፍ ማለስለስ፣ ክሩ የሚያርፍበትን ጎድጎድ ማስተካከል፣ ማቃኛውን ጥሩ ማድረግ።

ያ የቀረው ሥራ ደግሞ አቃቂ ላይ ይሠራል። አንዲት አዲስ የኢንዶኔዥያ ጊታር እንውሰድ። ወበቃማ አገር ተሠርታ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ወደሆነ ቦታ በኅዳር ትገባለች። የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ የአንገቷ እንጨት ትንሽ ይኮማተራል፤ የፍሬቱ ብረት ግን አይኮማተርም። ስለዚህ በጥር ወር እጃችሁን በአንገቷ ጠርዝ ስታንሸራትቱ የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ይቧጭራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "የቻይና ዕቃ" ብሎ ይጥላታል። የሚወዳት ሰው ግን እንጨቱ እንዳይነካ በወረቀት ፕላስተር ይሸፍናል፤ ደቃቅ ሞረድ አጋድሞ ከየጫፉ ጥቂት ጥቂት ያነሣል። ከዚያ በደቃቁ የብረት ሱፍ ያለሰልሰዋል፤ በፊት ግን ፒክአፖቹን መሸፈን አለበት፣ ማግኔቱ የብረቱን ብናኝ ስቦ ይይዘዋልና። ክሩ ጎድጎዱ ውስጥ እየተጣበቀ ቅኝቷ የሚዛባ ከሆነ የእርሳስ ጫፍ ማሸት ይበቃል፤ የእርሳሱ ብናኝ ያንሸራትተዋል። አንገቷ ከጎበጠ በውስጡ ያለውን ማስተካከያ ዘንግ በባለ ስድስት ጎን ትንሽ ቁልፍ በጥንቃቄ ሩብ ዙር ማዞር ነው። አቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያ የሚመረትበት ፋብሪካ የነበራት፣ ሞረድና ካቻቢቴ የሚያውቅ ሰው የሞላባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ሥራ አያስፈራትም።

አምፕሊፋየሩም የራሱ ነገር አለው። ብዙው የሠፈር ቤት ሶኬቱ የመሬት መስመር ስለሌለው ጊታሩ ሲሰካ "ዝዝዝ" ይላል። ተጫዋቹ ክሩን ሲነካ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ሲለቅ ይመለሳል። ልምድ ያለው ልጅ ሁልጊዜ መዳፉን ከክሩ ላይ አያነሣም፤ የሚገርመው ይህ ልማድ አጨዋወቱን ራሱን ንጹሕ ያደርገዋል፣ የማይፈለገው ክር ሳይታሰብ አይጮህምና። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያለ አምፕሊፋየር ይለማመዳል። ወጥ እንጨት ስለሆነች ድምፅዋ ከአጠገብ ላለ ሰው ብቻ የሚሰማ ነው፤ አባት በፈረቃ አድሮ ቀን በሚተኛበት ቤት ይህ ትልቅ በረከት ነው።

ጊታር ወደ ዋናው መድረክም ተመለሰ። ጃኖ ባንድ በእ.ኤ.አ. 2012 በቢል ላስዌል አዘጋጅነት "ኤርታሌ"ን ሲያወጣ የሮክ ጊታር በአማርኛ ዜማ ላይ ጮኾ ተሰማ። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረበት ጃዝ አምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል አዳራሽ የድሮዎቹንና የአዲሶቹን ተጫዋቾች አገናኘ፤ አዳራሹ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣው እሳት ሲወድም ያላዘነ ሙዚቀኛ የለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከከተማው ዳር ያለ ልጅ ጊታር መያዙ እንግዳ መሆኑ ቀረ። ትምህርቱንም ከስልኩ ያገኛል፤ አዝግሞ እየደጋገመ የሰላም ሥዩምን ጣት ይከተላል።

እኔ የምጫወትባት ስኳየር ናት። ሰውነቷ ጥቁር ነው፣ ማቃኛዋ አንዱ ተቀይሯል፣ የአንገቷ ጀርባ በእጄ ብዛት ለስልሷል። የራሷ ስም በራሷ ላይ ተጽፏል፤ እንዲኖርም እፈልጋለሁ። አንዳንዶች ስሙን ፍቀው የውዱን ምልክት ሲለጥፉ አያለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ስኳየር፣ ኮርት፣ ያማሃ፣ ወይም ማንም የማያውቀው የቻይና ስም ይሁን፣ ያቺ ጊታር በደሞዝ ተጠራቅሞ፣ በእቁብ ተገዝታ፣ በሞረድ ተስተካክላ የተገኘች ናት። የቀበሌ አይደለችም፣ የክበብም አይደለችም። ኒጀር ያለው ምዱ ሞክታር የመጀመሪያ ጊታሩን ከእንጨትና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ሠርቶ ዛሬ ዓለምን ሲዞር፣ ያንን ታሪኩን በኩራት ይናገራል እንጂ አይደብቅም።

አሁን ያለው ችግር ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 200 ዶላር የሚያወጣ ጊታር ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር ከ11,000 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ20,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ያለው ጊታር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የተሰበረ ይጠገናል፣ የተቃጠለ ፒክአፕ ከሌላ ይገጠማል። መተኪያ የሌለው ክር ነው። ክር ይዝጋል፣ ይበጠሳል፣ እዚህ ደግሞ አይሠራም። አንዱን ቀጭን ክር ያጣ ልጅ በአምስት ክር ወራት ይጫወታል።

ስለዚህ ከውጭ አገር ለምትመጡ ወገኖች አንድ ነገር እለምናለሁ። ሻንጣችሁ ውስጥ ከሽቶውና ከጫማው ጎን ሁለት ሦስት ጥቅል የኤሌክትሪክ ጊታር ክር አስቀምጡ፤ 10–46 የሚል የተጻፈበት ለአብዛኛው ይሆናል። አንዱ ጥቅል ከደብዳቤ ብዙ አይከብድም። ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ሌላ የከተማ ዳር ዘመድ ካላችሁ፣ በሠፈሩ ጊታር የሚጫወት ልጅ ማን እንደሆነ ጠይቁና ስጡት።